እንግዳ አይባረርም

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ። በስልክ ፖከር፣ ኦማሃ የሚባለው ዓይነት ላይ ነበርን። እጄ ላይ ሁለት አስ፣ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ዘጠኝ። መሃል ላይ ሦስተኛው አስ ተገለጠ። ልጨምር ጣቴን ሳወርድ ስክሪኑ ነጭ ሆነ።

መስመር የተቋረጠ መሰለኝ። ራውተሩን አየሁ፣ አረንጓዴ ነው። ወጥቼ ገባሁ። የዚህ ክለብ አባል አይደሉም የሚል ነገር በእንግሊዝኛ። ሳቅሁ። እውነት... መጀመሪያ ሳቅሁ።

ከዚያ ቴሌግራም ላይ የጋሽ ፀሃዬ የድምፅ መልእክት ገባ። እንደ ሁልጊዜው ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ሰገን፣ እኔ ማለት ነው፣ መንገደኛ ከሚባለው ተጫዋች ጋር ካርታ እየተያየች ስትጫወት ተደርሶባታል አሉ። አፑ ራሱ ነው የነገረን አሉ። የናይሮቢውን ግጥሚያ ሁለት ወንበር ሊካፈሉት ነበር አሉ። ቀጥሎ ደግሞ እንዲህ፦

"እንግዳ አይባረርም፤ መንገደኛ ተመክሮ ይቀመጣል። የምትቀጣው የቤት ልጅ ናት።"

ሁሉም ሰማው። ማንም ትንፍሽ አላለም። ሙሐሲን የሚያለቅስ ፊት ለጠፈ። ማስረጃው የት አለ ብዬ ጻፍኩ። መልስ ሳይመጣ ከግሩፑም ወጣሁ። ወጣሁ አይባልም... አስወጡኝ።

መንገደኛ የሚባለውን ሰው በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ድምፁንም አልሰማሁም። አጭበርባሪ የተባልኩት ከማላውቀው ሰው ጋር ነው።


እሑድ፣ ኅዳር 7

በቅደም ተከተል ልጻፈው። አለበለዚያ ንዴቱ ይበላዋል።

ጠረጴዛው የጋሽ ፀሃዬ ነው። ካዛንቺስ፣ ከቤታቸው ጓሮ በነበረችው ክፍል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። መርከብ ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ፖከርን ከየወደቡ ነው የለቀሙት። ሆልደም ከአንዱ፣ ኦማሃ ከሌላው፣ ስተድ፣ ካርታ የሚለወጥበት ድሮው... በየሳምንቱ አንዱን እየመረጡ ያጫውቱን ነበር። እኔን የተቀበሉኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ነው። ስታቲስቲክስ ነው የማጠናው ስላቸው "እንግዲያው ተቀመጪ፣ ትምህርትሽ እዚህ ነው ያለው" አሉኝ። በገንዘብ አንጫወትም። ብር ጠረጴዛዬ ላይ ካየሁ ካርታውን ከሰል ላይ ነው የምጥለው ይሉ ነበር። የምንጫወተው በባቄላ ነበር።

ቤቱ አንድ ልማድ ነበረው፤ ጀርባ መያዝ። ካርታውን ጥሎ ከዙሩ የወጣ ሰው ተነስቶ አይሄድም። ከአንዱ ተጫዋች ኋላ ይቆምና ካርታውን አብሮት ያያል፣ ቃል ሳይተነፍስ። ጀርባሽን ልያዝ ማለት ከአንቺ ጋር ነኝ ማለት ነው። እምቢ አይባልም።

አምና ሰፈሩ ሲፈርስ ቤቱም ሄደ። ጋሽ ፀሃዬ ቄራ፣ ልጃቸው ቤት ገቡ። ሌላው በየአቅጣጫው ተበተነ። ከተጫዋቾቹ አንዱ፣ ኤልዳድ ነው ዝግ ክለብ የሚከፈትበት አፕ አግኝቶ መልሶ የሰበሰበን። ባቄላው የአፑ መቁጠሪያ ቺፕስ ሆነ እንጂ ሌላውን እንደነበረ ይዘን ገባን። ቅዳሜውን፣ የጨዋታውን ዓይነት መቀያየሩን፣ ጀርባ መያዙንም። ካርታውን የጣለ ሰው በቴሌግራም "ጀርባ?" ብሎ ይጽፋል፤ አንቺ ካርታሽን ፎቶ አንስተሽ ትልኪለታለሽ።

አሁን ስጽፈው ሞኝነቱ ታየኝ። ቤት ውስጥ ከኋላሽ የቆመውን ጠረጴዛው ሁሉ ያየዋል። ስልክ ውስጥ የቆመውን ማን ያየዋል?

መንገደኛ ደግሞ... ክረምት ላይ በሊንክ ገባ። ስሙ ይኸው ነው፣ መንገደኛ። እኔ የሙሐሲን እንግዳ መሰለኝ። ሙሐሲን የኤልዳድ መሰለው። እንግዳን የማን ነህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው ተብሎ ማንም አልጠየቀም። ታኅሣሥ ላይ ከናይሮቢ ክለብ ጋር ለምንገጥመው ከእኛ ሁለት ሰው ይመረጣል። አንደኛ እኔ ነበርኩ። ሁለተኛ መንገደኛ።


ሰኞ፣ ኅዳር 8

ወሬው ቢሮ ደርሷል።

ምሳ ሰዓት ላይ ከኋላዬ አንዱ "ካርታችሁን ደብቁ፣ ሰገን መጣች" አለ። ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። ለምን ፈገግ አልኩ?

ከሰዓት አለቃዬ ጠራችኝ። ትልልቆቹን የመኪና አደጋ ፋይሎች ለጊዜው ለሌላ ሰው እንስጥ አለች። ለጊዜው የምትለዋን ሁለት ጊዜ አለቻት። ኢንሹራንስ ነው የምሠራው፤ ሥራዬ ካሳ የሚጠይቅ ሰው እውነቱን ይሁን ውሸቱን መለየት ነው። አጭበርባሪ የተባለች ሴት አጭበርባሪ ልትለይ?

ይህን እዚህ ፎቅ ያደረሰ አንድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል። ሙሐሲን እዚሁ ሂሳብ ክፍል ነው የሚሠራው። ደረጃው ላይ ጠበቅኩት። እኔ ምንም አላልኩም አለ። መንገዱን አልለቀቅኩለትም። "ማለቴ... ለአንድ ሰው ብቻ" አለ። ለማን? "ሁሉንም ነገር የምነግረው ልጅ አለ፣ እሱ ነው እንጂ እኔ..." ትቼው ወረድኩ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ኤልዳድ ነው። ማን ሊሆን ይችላል ሌላ? አፑን የሚያስተዳድረው እሱ። የማስወጫውን ቁልፍ የተጫነው እሱ። ሆልደም ስንጫወት ጀርባዬን የሚይዘው እሱ። ደግሞም የወንድ ጓደኛዬ ነበር፣ አምና ትቼዋለሁ። ሰው እንዲህ አይረሳም።

ደወልኩ። የአፑን ሪፖርት ላክልኝ አልኩት፣ ላከ። አጭር ነው፤ ሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን ካርታ እንደሚያውቅ ሆነው ይጫወታሉ ይላል። እኔ ጥሩ ስይዝ መንገደኛ ይሸሻል። እኔ ባዶ ስሆን ይገፋኛል። ታዲያ የተጎዳሁት እኔ አይደለሁም? ሆን ብለሽ ቺፕስ እየመገብሽው ነው ተባለ አለኝ። ማን አለ? ጋሼ። ጋሼ አስወጣት አሉኝ፣ አስወጣሁ።

"ከፎቅ ወርውራት ቢሉህስ?"

"ስንተኛ ፎቅ?"

ዘጋሁበት። አልሳቅሁም... ቆይቼ ትንሽ ሳቅሁ። ሌባ እንዲህ ይቀልዳል? ይቀልዳል። ደህና አድርጎ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሲፋን ከላንቻ መጣች። ከጨዋታው ቤት የማምናት እሷን ብቻ ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ግን ያን ስትናገር ይህን ስትናገር ዓይኔ ስልኳ ላይ። ምን ያህል ጊዜ ገለበጠችው? ለምን በፊቱ ተደፋ?

"ስልኬን ነው የምታይው?" አለች። ምስጢር ቁጥሩን ነገረችኝና ወረወረችልኝ።

አነሳሁት። አየሁት። አዎ አየሁት። ምንም የለም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ጠበቀችኝ። አፈርኩ። ግን አሁንም ቢሰጠኝ አየዋለሁ። ሰውን ማመን ካቃተኝ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው?

ብትናደድም አልሄደችም። ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ወጣች።

"ድሮው ላይ ጀርባሽን የምይዘው እኔ ነኝ አይደል? መንገደኛ ድሮው ላይ አህያ ነው። ካርታሽ ሞልቶ ሳለ እሱ ገብቶ ተበላ። እኔ ብሆን ያን አህያነት እሠራ ነበር?"

ልክ ናት። እንዴት እስካሁን አላሰብኩትም? ስታቲስቲክስ ተምሬአለሁ ባይ። ሁሉንም ጨዋታ አንድ ላይ ደምሬ ነው ሳስብ የከረምኩት። ለያይተን አየነው። ድሮው ላይ መንገደኛ ካርታዬን አያውቅም። ሆልደም ላይም አያውቅም፤ መስከረም ላይ በባዶ እጅ አባርሬዋለሁ፣ ልቡ እየፈራ ጥሎ ሄዷል። ስለዚህ ኤልዳድም አይደለም። ቅር አለኝ መሰለኝ። እሱ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

የሚያውቀኝ ኦማሃ ላይ ብቻ ነው።


ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኦማሃ ላይ ጀርባዬን የሚይዘው አንድ ሰው ነው። ስሙን ዛሬ አልጽፈውም።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ጋሽ ፀሃዬ።

ይኸው ጻፍኩት። እጄ አልደረቀም።

ሌላ መንገድ ካለ ብዬ ቀኑን ሙሉ ፈለግኩ። ስልካቸውን ሌላ ሰው ይነካው ይሆን? የምልክላቸውን ፎቶ ሳያውቁ ወደ ሌላ እየላኩት ይሆን? ዕድሜ ነው፣ መነጽርም አያደርጉም... ግን ኦማሃ ሲሆን ሁሌ ቀድመው ካርታ ይጥላሉ። ገና ምንም ሳይገለጥ። ጋሼ ደከሙ እንል ነበር። ጥለው ወዲያው "ጀርባ?" ይሉኛል። እኔ እልካለሁ። ከዚያ መንገደኛ ከእንቅልፉ ይነቃል።

ቤታቸው ሲፈርስ ወንበሮቻቸውን ከተሸከሙት አንዷ እኔ ነበርኩ። አቧራው እስከ ማታ ከጸጉሬ አልለቀቀም። ጋሼ ግድግዳው ሲወድቅ አላዩም፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ስለ ኦማሃ ይነግሩኝ ነበር። አራት ካርታ ይሰጥሻል፣ የምትጠቀሚው ግን በሁለቱ ብቻ ነው፤ በሁለቱ ለመኖር የጨከነ ነው የሚያሸንፈው እያሉ።

እኚህ ሰው?

የዛሬው ጨዋታ ስተድ ነበር። አብዛኛው ካርታ ተገልጦ ስለሚቀመጥ ጀርባ መያዝ ብዙም ትርጉም የለውም። መንገደኛ በጊዜ ተበልቶ ወጣ አለችኝ ሲፋን።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ከሥራ በኋላ ኤልዳድን አገኘሁት። ያለ እሱ አይሆንም። ሲፋንም ነበረች።

ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። "ጋሼ ስልካቸውን ቻርጅ ማድረግ የሚረሱ ሰውዬ..." ብሎ ጀመረና አቆመ። ሳንቲም እንደጠፋበት ሰው ጠረጴዛውን ያያል። ከዚያ፣ መንገደኛ በተመዘገበበት ሰሞን ደውለው አፑ ውስጥ ሁለተኛ ስም እንዴት እንደሚከፈት የጠየቁት እሳቸው እንደነበሩ ተናገረ። ለልጃቸው ነው ብለውት ነበር። ልጃቸው ገብታ አታውቅም። እሱም ረስቶት ነበር፣ ወይም እንደረሳ ሆኖ ነበር። የትኛው ነው ብዬ አፋጠጥኩት። አላውቅም አለ። ያ እንኳ እውነት ይመስላል።

የምናደርገውን ያሰበችው ሲፋን ናት። ቅዳሜ ኦማሃ ነው። አሁን እሷ ሁለተኛ ወጥታለች፣ ጀርባዋን መጠየቃቸው አይቀርም። የያዘችውን ሳይሆን ድሮ ያነሳችውን የሌላ ካርታ ፎቶ ትልክላቸዋለች። መንገደኛ ለየትኛው ካርታ እንደሚጫወት እናያለን።

ኤልዳድ ተሳስተሽ ቢሆንስ አለኝ። ከተሳሳትኩ ግሩፑ ላይ፣ በሁሉም ፊት፣ በድምፄ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ አልኩት። የምለውን እንደማደርግ ያውቃል።

"እሳቸው ከሆኑስ?"

"እሳቸውም እንደዚያው።"


ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

እኔ ቤት ተሰበሰብን። ሲፋን አልጋው ላይ፣ ኤልዳድ ወንበሩ ላይ፣ እኔ ቆሜ። አከራዬ እትዬ መድኃኒት በሩን አንኳኩተው ሦስት ሆናችሁ በስልክ ትጫወታላችሁ፣ ለምን አንዳችሁ ለአንዳችሁ አታወሩም ብለው ሄዱ። የድሮው ጠረጴዛ ጎረቤት ነበሩ፤ ካርታ ነክተው ባያውቁም ሁላችንንም ያውቁናል።

ብዙ አልጠበቅንም። ለሲፋን ሁለት አስ ደረሳት፣ ከጥሩ ሁለት ጋር። ጋሽ ፀሃዬ ጣሉ። ወዲያው "ጀርባ? ልጄ" የሚል መጣላት። ሲፋን የድሮ ፎቶ ላከች፤ የማይረባ፣ አንዱ ከአንዱ የማይገናኝ ካርታ።

መሃል ላይ አስ ወጣ። መንገደኛ ጨመረ። ሲፋን ተከተለች። መንገደኛ ያለውን ሁሉ ገፋ። ሲፋን ገባች። ካርታው ሲገለጥ መንገደኛ እጅ ላይ ምንም የለም። ባዶ። እንዲህ የሚገፋ ሰው ሌላኛዋም ባዶ መሆኗን ያየ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ አጋጣሚ ነው አለ ኤልዳድ። ድምፁ ግን ሄዷል። መንገደኛ በትርፍ ቺፕስ ተመልሶ ገባ፤ ቆይተን ገልብጠን ሞከርነው። ሲፋን እጅ ላይ ቆሻሻ፣ ፎቶው ላይ ሁለት አስ። ጥቂት ጨመረች። መንገደኛ የመጀመሪያውን ፎቶ በስህተት የተላከ ቆጥሮት ይሆን፣ ይህኛውን አምኖ እሳት እንደነካው ሰው ጣለ።

ልቤን የቆረጠው ግን ይህ አይደለም። የመጀመሪያው ጨዋታ ሲያበቃ ካርታዋ ለሁሉም ተገልጧል። ጀርባዋን የያዘ ንጹህ ሰው ቢሆን ልጄ፣ የላክሽልኝ ሌላ ነበር እኮ፣ ተሳሳትሽ ይላል። ጋሽ ፀሃዬ በትንሽ ስህተት እንኳ ዝም የማይል ሰው ነው። ጠበቅን። አንድ ቃል አልጻፈም።

(አንቱታው ከዚህ በኋላ እጄ ላይ አልመጣ አለ።)

ኤልዳድ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። "ቁልፉን የተጫንኩት እኔ ነኝ" አለ። አዎ አልኩት። አላጽናናሁትም።


ሰኞ፣ ኅዳር 22

ከሥራ ቀጥታ ቄራ ሄድኩ። ሳልደውል።

በሩን የከፈተችልኝ ልጁ ናት። ደንግጣ ግቢ አለችኝ። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ጋሽ ፀሃዬ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ ብርድ ልብሱ ታጥፎ ከጎኑ። ካዛንቺስ ሳለ እንግዳ ሲገባ ማንም ሳይነሳ እሱ ነበር የሚነሳው። ዛሬም ሊነሳ ሲል ልጁ "አባዬ እግርህን ሰብስብ፣ ትለፍ" አለችው። ሰበሰበ። ሻይ አምጪላት አለ። እሺ ብላ ጓዳ ገባች፤ ሻይ አልመጣም።

ሁለቱን ፎቶዎች አሳየሁት። የተላከለትን፣ ከዚያ የተገለጠውን።

"ሌላ ካርታ መሆኑን አይተዋል። ለምን ሲፋንን አልጠየቋትም?"

ቴሌቪዥኑ ላይ የልጆች ፊልም ይጮሃል።

"ኦማሃን ማን አስተማረሽ?"

"እርስዎ።"

"ስልክ ላይ ከገባን ወዲህ አንድ ቀን አሸንፌሽ አላውቅም።" ጉልበቱን ያሻል። "በቤቴ ሳለሁ ማሸነፍ አያስፈልገኝም ነበር። ቤቱ የኔ ነበራ። ማን ይቀመጥ፣ ምን ይጫወቱ... አሁን ሁሉ በኤልዳድ ጣት ነው። እኔ እዚህ እንኳ፣ ልጆቹ ፊልማቸውን እስኪጨርሱ ጠብቄ ነው የምተኛው። እንግዳ ነኝ። እንግዳ ሆኜ ገባሁ።"

አሳዘነኝ። እዋሻለሁ እንዴ? አሳዘነኝ። ወንበሮቹ የት እንደገቡ ልጠይቀው ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። እንደዚህ ነው ሰው የሚሸነፈው።

"አፑ ሲናገር መንገደኛ እኔ ነኝ ማለት ይችሉ ነበር" አልኩ።

"ፈራሁ።"

"እኔን አሳልፈው ሰጡ።"

"ወጣት ነሽ። ይረሳልሻል ብዬ ነው።"

ተነሳሁ። ይህን ባይል ኖሮ ምናልባት... አላውቅም። ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት ለሁሉም ይንገሩ፤ በዚያው በድምፅዎ፣ በዚያው ግሩፕ ላይ አልኩት። ልጁ ከጓዳ ወጥታ ምንድን ነው አባዬ አለች። የካርታ ነገር ነው አላት። ታክሲ ሳልይዝ እስከ ቡልጋሪያ ሰፈር በእግሬ መጣሁ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ጋሽ ፀሃዬ ደወለ። ድምፁ ታድሷል። መፍትሔ አግኝቷል።

አፑ ተሳስቷል ይላል። መንገደኛ ወደ አገሩ ሄደ ይላል። እኔ ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ፣ ከሲፋን ጋር ናይሮቢን እንገጥማለን። ማንም አይዋረድም። "አንቺም ወንበርሽን አገኘሽ፣ እኔም ሽምግልናዬን" አለ። ላስብበት አልኩ።

ለምን ላስብበት አልኩ?

እውነቱን ልጻፍ፤ እፈልገዋለሁ። ያን ወንበር እፈልገዋለሁ። የናይሮቢ ክለብ ሲጫወት ስንት ቅዳሜ ነው ቁጭ ብዬ ያየሁት... አፑ ተሳስቷል ቢባል ቢሮም ይረሳል። ግን አፑ አልተሳሳተም። አፑ ካርታዋ ይታያል አለ እንጂ አሳየች አላለም። ያን የጨመረው ሰው ነው። አሁን በአፑ ከተሳበበ መቼም ስሜ አይጸዳም፤ ሁሌም እሷ ናት ወይስ አፑ ተብሎ ይቀራል።

ማታውን መልሼ ጻፍኩለት። "አይሆንም" ብቻ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ምንም አልተናገረም። ሽማግሌ ላከ።

ካዛንቺስ፣ አዲሱ ሰፊ መንገድ ዳር ያለው ካፌ ጠሩኝ። ሙሐሲንና እትዬ መድኃኒት። የቤት ኪራይ የምከፍላቸውን ሴትዮ መምረጡ... ብልህ ነው ሰውዬው። እምቢ ማለት እንዲከብደኝ ነው። ወይስ ሌላ ሰው አጥቶ? ሁሉንም ነገር በዚህ ዓይን ነው የማየው አሁን።

ሙሐሲን ጀመረ። በቃ ሰጊ፣ ሁላችንም ንጹህ መሆንሽን አውቀናል አለ። ሁላችሁ ማን ናችሁ አልኩት። እኔ፣ እትዬ መድኃኒት፣ ሲፋን፣ ኤልዳድ ብሎ በጣቱ ሲቆጥር አውራ ጣቱ ጋ ሳይደርስ አለቀበት። ስሜን ቢሮ ስትወስደውም እንዲህ መርጠህ ነበር ወይ አልኩት። ማኪያቶው ውስጥ ገባ።

እትዬ መድኃኒት እጄን ያዙ። ከልጅነቴ የሚያውቁኝ ያህል ነው የሚይዙኝ።

"ልጄ፣ ቤቱ ፈርሶበታል። ስሙንም እናፍርስበት?"

"የኔን ሲያፈርስ ማን ሽማግሌ ላከልኝ፣ እትዬ?"

"እሱ ትልቅ ሰው ነው።"

"ትልቅነቱን አምኜ ነው ካርታዬን የሰጠሁት።"

እጄን አልለቀቁም። ቆይተው፣ እኔም ብሆን እንዳንቺ ነበር የማደርገው፣ ግን አላደረግኩም፣ በኛ ጊዜ አይደረግም ነበር አሉ፤ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ምን እንደነበር አልጠየቅኩም። ሂሳቡን ሙሐሲን ከፈለ። ሲወጡ ለጋሼ ምን እንበል አለኝ።

የነገርኩትን ራሱ ያውቃል በሉት አልኩ።


እሑድ፣ ኅዳር 28

ኤልዳድ ዛሬ ጠዋት ወደ ግሩፑ መለሰኝ። ማንንም ሳይጠይቅ። በኔ ስም ላስረዳ ወይ ሲለኝ አይ አልኩ፤ በኔ ስም የተናገረ ሰው አንድ ይበቃል።

የድምፅ መልእክት ቀዳሁ። አንዴ ብቻ፣ ሳልደግም። አልሰደብኩም። መንገደኛ ማን እንደሆነ ተናገርኩ። እንዴት እንዳወቅን ተናገርኩ። ጋሽ ፀሃዬ ያስተማረኝን ሁሉ እንዳልረሳሁ ተናገርኩ። እያንዳንዳችን ካርታችንን በፎቶ ስንልክ በሩን ራሳችን እንደከፈትን፣ እንግዳውንም የማን ነህ ሳንለው እንዳስቀመጥነው ተናገርኩ። ለወንበር ብላ ነው እንዳይባል የናይሮቢውን ወንበር እንደማልፈልግ ተናገርኩ፤ እዚህ ላይ ድምፄ ትንሽ ተሰበረ። ይሰማል። ይሰማ።

ሰሙት። አንዱ፣ "ሽማግሌ አዋረድሽ" ብሎ ወጣ። ሌላም ወጣ። አንዷ፣ በስም እንኳ በደንብ የማላውቃት፣ "እኔም ዝም ብዬ ነበር፣ ይቅርታ" ብላ ጻፈች። ጋሽ ፀሃዬ ሰምቶታል፤ አንድ ጊዜ መጻፍ ጀመረ የሚል ምልክት መጣና ጠፋ። ተመልሶ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ? ጠበቅኩ። እስከ ምሳ። ከዚያ ስልኩን አስቀምጬ በላሁ።

ሙሐሲን ለብቻዬ ጽፎልኛል። ነገ ቢሮ ለዚያ ልጅ ይነግረዋል፤ ለሁሉም የሚነግረው እሱ ስለሆነ ፈጥኖ ይዳረሳል ይላል። ሰው አይለወጥም። ይሁን። ቢሆንም ነገ ጠዋት አለቃዬ ጋ የምገባው ራሴ ነኝ፤ መልእክቱን አሰማታለሁ፣ ፋይሎቼን እጠይቃለሁ። ለጊዜው የሚባለው ጊዜ እንዳለቀ እነግራታለሁ።

ሲፋን ለናይሮቢው ብቻዬን አልሄድም ብላ ተቆጣች። ሂጂ፣ አሸንፊ አልኳት። ከልቤ ነው። ደውዬም ስተድ ላይ የምትሠራውን ስህተት ነገርኳት፤ ተሰዳድበን ዘጋን።

ሽማግሌዎቹ ዛሬም ልከዋል። ጋሼ ቤትሽ ድረስ መጥቶ በጉልበቱ ይቅርታ ይጠይቅሽ ይላሉ፤ ማንም በሌለበት። በጉልበቱ እንዲሆን አልፈልግም። ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ያን ቀን ለነገራቸው ሰዎች ይንገራቸው። እስከዚያ በሬ ለዚህ ነገር ዝግ ነው። በሰው ሁሉ ፊት አጭበርባሪ ተብዬ፣ ጓዳ ውስጥ ንጹህ ነሽ መባልን ከእንግዲህ አልቀበልም፤ ከማንም፣ በየትኛውም ዕድሜ ካለ ሰው።